ላንጋኖ የቀረው ጫጉላ

«እስቲ ፍረዱኝ! እኔ ላንጋኖ ስል እሷ አሰላ አለችኝ። ለጫጉላ አሰላ የሚሄድ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

ይህን ያለው ባልየው ነው። ሚስትየው አጠገቡ ቁጭ ብላ ቡናውን እየቀዳች ትስቃለች። ዛሬ ይሳቅበት እንጂ ያን ጊዜ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። እንዲያውም ከጉዞው በፊት ሚስትየው ለታላቅ እህቷ «ይሄ ሰውዬ ሌላ ሴት ሳይኖረው አይቀርም፤ ሽማግሌ ይቀመጥልኝና ልገላገል» እስከ ማለት ደርሳ ነበር።

ስማቸውን አንጠቅስም። የት ሰፈር እንደሚኖሩም አንናገርም። ታሪኩን ለአንባቢ እንድናካፍል ግን ፈቅደዋል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ባልየው «እንደኛ የሚቄል ካለ ቶሎ ይንቃ» ነው የሚላችሁ።

ሰርግና ማግስቱ

የተጋቡት በ2011 ዓ.ም ግንቦት ላይ ነው። እሱ 31፣ እሷ 28 ዓመታቸው። ሁለቱም አዲስ አበባ ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ሰርጉ ግን የደመወዝተኛ ሰርግ አልነበረም። ሊሞዚን ነበረ፤ አዳራሽ ነበረ፤ ቪዲዮ፣ ዲኮር፣ ቬሎ፣ ባለ አራት ፎቅ ኬክ… ምን የቀረ ነገር አለ? ዘመድ «አኮራኸን» አለ። ጓደኛ «አንደኛ ነህ» አለ። በማግስቱ ሁሉም ወደየቤቱ ሲገባ ሙሽሮቹ ኪሳቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጫጉላው «ትንሽ ቆይቶ» ተባለ።

መቼም ጫጉላ ድሮ እንዲህ ወጪ የሚያስወጣ ነገር አልነበረም። በገጠሩ ለሙሽሮቹ ለብቻቸው የሚሆን ጎጆ ይሰናዳል፤ ሚዜዎች ይላላካሉ፤ ሁለቱ ከሥራና ከሰው ዓይን ተገልለው ይሰነብታሉ። ዋናው ነገር መተዋወቁ ነበር። ብዙዎቹ ከሰርጉ በፊት በደንብ ተያይተው እንኳ አያውቁማ! ዛሬ ጫጉላ ማለት መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ሆኗል። ገንዘብ ያለው ዱባይ፣ በጣም ያለው ደግሞ ፓሪስ ሄዶ ኤፍል ማማ ሥር ፎቶ ይነሳል። የሚገርመው፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው ፈረንሣይ አገር ሲሄዱ ብዙዎቹ ሊዮንና አቪኞን ወደሚባሉት አሮጌ ከተሞች ጎራ ብለው፣ ሁለት ሦስት ቀን በእግራቸው ሲዞሩ፣ ድንጋይ ንጣፉን ሲረግጡ፣ ድልድይ ላይ ቆመው ወንዝ ሲያዩ ነው የሚውሉት። መንሸራሸር ደግሞ አሰላም አይከለከልም!

ወደ ሰዎቻችን እንመለስ። ሰርጉ ባለፈ በጥቂት ወራት ውስጥ የባልየው ስልክ ማታ ማታ መጮህ ጀመረ። ሲጮህ ፊቱ ይለዋወጣል፤ ብድግ ብሎ በረንዳ ላይ ይወጣል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። «ማነው?» ስትለው «የመሥሪያ ቤት ነው» ይላታል። በሌሊት በሦስት ሰዓት የመሥሪያ ቤት ስልክ! እናንተ ብትሆኑ ታምናላችሁ? እሷም አላመነችም። አንድ ቀን ስልኩን ለማየት ብትሞክር በቁልፍ ተዘግቷል።

«ሲጨንቀኝ፣» ትላለች፣ «ከዚህ ቤት ወጥተን ሁለታችን ብቻ የምንሆንበት ቦታ ካልሄድን እሱም አይናገር፣ እኔም አልጠይቅ አልኩ። ለአሰላ ግን ሌላም ምክንያት ነበረኝ።»

ያን ሌላ ምክንያት ግን አልነገረችውም። እሱ የስልኩን ምስጢር፣ እሷ የአሰላን ምስጢር ይዘው፣ የ2012 ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው አርብ ጉዞ ጀመሩ።

አርብ፦ ብርዱና ስልኩ

ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ አዳማ በክፍያው መንገድ ሽው ይባላል። አዳማ መናኸሪያ «አሰላ! አሰላ! የሞላ! አንድ ሰው!» የሚል ረዳት አይጠፋም፤ «የሞላ» ያለው መኪና እስኪሞላ ግን አንድ ሰዓት መቀመጥ ያለ ነው። ከዚያ በመልካሳ አድርጎ አዋሽን ተሻግሮ፣ በዴራ፣ በኢተያና በጎንዴ ሽቅብ ይወጣል። መውጣት ስንል የምር መውጣት ነው። አዳማ ላይ ሸሚዝህን የፈታኸው ሰውዬ፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘህ አሰላ ስትገባ ጃኬት ትፈልጋለህ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት።

መንገዱን እሷ በመስኮት ታያለች። እሱ ይተኛል። ወቅቱ አጨዳው ያለፈበት ነበርና ግራና ቀኙ የስንዴና የገብስ ቃርሚያ፣ እንደ ቤት የተከመረ ገለባ፣ ገለባው ውስጥ የሚግጥ ከብትና ፈረስ ነው። አልፎ አልፎ ኮምባይነር ቆሟል። አሰላ ሊደርሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር ቁሉምሳ ጋ የግብርና ምርምር ማዕከሉ አለ። እዚህ ስትደርስ እጁን ነካ አድርጋ ቀሰቀሰችው።

«ምንድነው? ደረስን?»

«አይ። ተወው፣ ተኛ።»

እሷ ልትነግረው የፈለገችው ነገር ነበር። እሱ ግን ተመልሶ ተኛ።

ሆቴሉ ደግሞ ለብቻው ተረት ነው። ስሙን አናነሳም። በስልክ «ሙቅ ውሃ አለ ወይ?» ሲባል «ሞልቶ!» ያለ ሆቴል፣ ሲደርሱ እንኳን ሙቅ ቀዝቃዛውም የለም። ከሥር ያለው ቡና ቤት ሙዚቃውን ለቆት አልጋው ይንቀጠቀጣል። ብርድ ልብሱ አንድ ነው፤ እሱም ስስ። ባልየው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ይኸው! የፋራ ጫጉላ! ላንጋኖ ቢሆን ይሄኔ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን ነበር» አለ።

በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። ብድግ ብሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሃያ ደቂቃ ቆየ። ሲመለስ እሷ ልብሷን እንደለበሰች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ምንም አልተባባሉም። ጥርሷ በብርድ ሲንቀጫቀጭ ሰምቶ ጃኬቱን አለበሳት። አላወለቀችውም፤ አላመሰገነችውምም።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ደራርቱ ቆማ ጠበቀች

አሰላ የሄደ ሰው ማልዶ ካልተነሳ ከተማዋን አላያትም። ገና ጎህ ሲቀድ ቱታ የለበሱ ልጆች ሁለትም አምስትም እየሆኑ በአስፋልቱ ጠርዝ ሲሮጡ ታያላችሁ። መቼም የኃይሌ ገብረሥላሴ አገር ነው። ኃይሌ በ1965 ዓ.ም እዚሁ አሰላ አካባቢ ተወልዶ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነው ያደገው። ሲሮጥ ግራ እጁን አጠፍ የማድረጉ ልማድ ደብተር ይዞ ከመሮጥ የመጣ ነው ይባላል። በከተማዋ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛም አለ። ልጆቹ የሚሮጡት እንዲሁ በባዶ ተስፋ አይደለም፤ ከዚህ አፈር የወጡትን ያውቋቸዋላ!

ባልና ሚስቱ ቁርሳቸውን ቀማምሰው ባጃጅ ይዘው ከከተማው ዳር ወረዱ። ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ በእግር ለመውጣት ነበር ሐሳባቸው። ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ጫፉ ላይ መውጣት የአንድ ሙሉ ቀን ጉዳይ ነው፤ እነሱ ያሰቡት ትንሽ ከፍ ብሎ ከተማዋን ቁልቁል ለማየት ብቻ ነው። የአካባቢው አንድ ወጣት እየመራቸው በገብስ ማሳዎችና በባሕር ዛፎች መካከል ሄዱ።

ባልየው ረጅም ነው፤ እርምጃውም እንደዚያው። የማታው ንዴትም አልበረደለትም መሰል፣ ወደፊት ገሰገሰ። እሷ ኋላ ቀረች። ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል። አየሩ ሲሳሳ ሳንባ የለመደውን ያህል ኦክስጅን አያገኝምና ልብ በፍጥነት ይመታል፤ እግር ይከብዳል። የአዲስ አበባ ሰው «ከፍታ ለምጃለሁ» ብሎ ይኮራል እንጂ ዳገት ላይ ሲሞከር ነው የሚለየው። ጠራችው። አልሰማም። ደግማ ጠራችው። ዞር ብሎ «ነይ እንጂ!» አላትና ቀጠለ።

ያኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጮኸችበት።

«አንተ! ደራርቱ እንኳ አሸንፋ ቆማ ጠበቀች! አንተ ምን አሸነፍክና ነው የምትሮጠው?»

መሪያቸው ልጅ ሳቁ አመለጠው። ባልየውም ቆመ።

ነገሩን ለዘነጋችሁት እናስታውሳችሁ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም በባርሴሎና ኦሊምፒክ፣ የበቆጂዋ ልጅ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤሌና ሜየርን በመጨረሻው ዙር ጥላት ሄዳ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደች። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ዓለም ግን የማይረሳው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ደራርቱ መጨረሻው መስመር ላይ ቆማ ሜየርን ጠበቀቻት፤ ተቃቀፉ፤ ከዚያም ጥቁሯና ነጯ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ ገና ከአፓርታይድ ጣጣ እየወጣች የነበረበት ጊዜ ነው።

ባልየው ተመልሶ ወረደ። እሷ ጎን ቁጭ አለ። «ይቅርታ» አላለም፤ ግን ውሃ ሰጣት። ከዚያ ወዲያ በእሷ እርምጃ ሄዱ። ከፍ ካሉ በኋላ ዞር ሲሉ አሰላ ከሥራቸው ተዘርግታለች፤ ከእሷ ወዲያ ማሳው እየወረደ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይሄድና፣ ማዶ የዝዋይ ሐይቅ እንደ ብር ሳህን ያበራል።

«ይኸውልህ ሐይቅ፣» አለችው። «ላንጋኖ አይደለም እንጂ።»

ከትላንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ።

ከሰዓት፦ የቆርቆሮው ቤት

ከሰዓት በኋላ «አንድ ቦታ አለ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለችው። እሺ አለ። በፈረስ ጋሪ ሄዱ። ሰፈሩ ስትደርስ ፊቷ ተለዋወጠ። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ስትል ቆየችና አንድ የቆርቆሮ አጥር ፊት ቆመች። አጥሩ ተቀይሯል፤ በሩ ተቀይሯል፤ ግቢው ውስጥ ያለችው የኮክ ዛፍ ግን ያችው ናት።

እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ያደገችው እዚህ ነበር። አባቷ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ሄድ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ ግብርና ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛው አጠራር «ካዱ» የሚባለው፣ አሰላን ማዕከሉ አድርጎ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የተዳቀሉ የወተት ላሞች ለገበሬው ያዳረሰ ትልቅ ፕሮጀክት ነበር። ጥፋትም አልጠፋበትም፤ ምርቱ ሲያዋጣ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ያፈናቀሉበት ጊዜ ነበር። ቢሆንም አርሲ ዛሬ በስንዴና በገብስ ስሟ እንዲነሳ ካበቁት ነገሮች አንዱ ይኸው ሥራ ነው። ገብሷ እዚያው አሰላ ባለው ፋብሪካ ብቅል ይሆናል። አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ የምትጎነጯት ቢራ ውስጥ የአርሲ ገበሬ ላብ አለበት ማለት ነው። የሚስትየው አባት ካዱን በወጣትነታቸው አይተው፣ ኋላም በቁሉምሳ አካባቢ ከስንዴ ጋር የዋሉ ሰው ነበሩ። መኪናው ውስጥ ባሏን የቀሰቀሰችው ለዚህ ነበር።

አባቷ በድንገት ሲሞቱ እናት ልጆቹን ይዘው ወደ ወንድማቸው፣ አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ ወዲህ አሰላን አልረገጠችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት!

«ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት እዚያው አጥሩ ሥር።

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ባልየው አሁን ሲያወራው እንኳ አንገቱን ይደፋል። «ሁለት ዓመት ተፋቅረን፣ ስምንት ወር ተጋብተን፣ ሚስቴ የት እንዳደገች አላውቅም ነበር። የቬሎዋን ኪራይ ግን እስከ ሳንቲሙ አውቀው ነበር።»

በዚህ መሃል ከጎረቤት ግቢ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብቅ አሉ። ትንሽ አፍጥጠው አዩአት። የአባቷን ስም ጠሩ። «ልጁ ነኝ፣ እማማ» ስትል፣ «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ!» ብለው እቅፍ አደረጓት። ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ መረቋት፣ አለቀሱ፣ ሳቁ። ከዚያ ማን ይለቃቸዋል! ጭኮ ቀረበ። ለማታውቁት፣ ጭኮ ማለት ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በቅመም በነጠረ ቅቤ ተለውሶ የሚበላ፣ የአርሲ ሰው የሚኮራበት ምግብ ነው። እርጎም በትልቅ ኩባያ መጣ። ላንጋኖ ናፋቂው ሙሽራ ሁለተኛ ኩባያ ጠየቀ።

አሮጊቷ ስለ አባቷ ብዙ አወሩ። ከሁሉ ግን አንዷ ነገር ባልየው ላይ ቀረች። «አባትሽ፣» አሉ፣ «ደመወዝ የተቀበለ ቀን እናትሽን ጠርቶ ብሩን ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፍላት ነበር። ይሄ ለቤት ኪራይ፣ ይሄ ለእከሌ የተበደርኩት፣ ይሄ ለልጆቹ ይላታል። እኛ ሴቶቹ በእናትሽ እንቀና ነበር። በወርቅ አይደለም፤ በዚህ!»

ሚስትየው እያለቀሰች ሰማች። ባልየው የያዘውን ኩባያ አስቀመጠ።

ሲመሽ አባቷ የተቀበሩበት ቤተክርስቲያን ግቢ ሄዱ። መቃብሩን ለማግኘት ጊዜ ወሰደ፤ ሳር ውጦታል። እሱ ጎንበስ ብሎ ሳሩን ነቀለ። ማታ ስልኩ ሲጮህ አላነሳውም። ዘጋው። እሷ ይህን አየች፤ ምንም አላለችም።

እሑድ፦ በቆጂ ላይ የወጣው ጉድ

በማግስቱ በማለዳ በቆጂ ሄዱ። ከአሰላ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሳጉሬ በኩል፣ ጭላሎን በግራ ትቶ። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ሜዳሊያዋ ግን የትልቅ አገር ነው። ደራርቱ፣ በ1988 ዓ.ም አትላንታ ላይ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ በ2000 ዓ.ም ቤጂንግ ላይ እያንዳንዳቸው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ የወሰዱት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ፣ ሁሉም ከዚህ አካባቢ ናቸው። ብዙዎቹን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። ከተማዋና አሠልጣኙ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ለዓለም ታይተዋል።

ባልና ሚስቱ ሳር ላይ ቁጭ ብለው ልጆች ተደርድረው ሲሮጡ ያያሉ። ፊተኛው ሲደክም ሁለተኛው ይመጣና ይመራል፤ ደግሞ ሦስተኛው። ተቀናቃኞች ሳይሆኑ አንድ ቤተሰብ ነው የሚመስሉት።

እሱ ዓይኑን ከልጆቹ ሳያነሳ ተናገረ።

«ሰባ ሺህ ብር ዕዳ አለብኝ።»

«ምን?»

«ለሰርጉ የተበደርኩት። አርባውን ከጓደኛዬ፣ ሠላሳውን ከሌላ ሰው። ማታ ማታ የሚደውሉት እነሱ ናቸው። ደመወዜን የማጎድለውም ለዚህ ነው። አንቺን ለማስደሰት ብዬ…»

«እኔ ሊሞዚን ጠየቅሁህ?»

ዝም።

«ሌላ ሴት አለመሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ፣» ትላለች ዛሬ። «ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ስምንት ወር ሙሉ ከሰው ጋር እየተጠራጠርኩ አድሬያለሁ። ዕዳውን እንከፍለዋለን፤ ያደርኩትን ሌሊት ግን ማን ይከፍለኛል?»

እውነቱን ለመናገር እዚያው ተቃቅፈው አልታረቁም። ይህ ፊልም አይደለም። ከበቆጂ እስከ አሰላ፣ ከአሰላ እስከ ኢተያ አላናገረችውም። ኢተያን አልፈው ቁልቁለቱን ሲይዙ ከቦርሳዋ እስክሪብቶና የሆቴሉን ደረሰኝ አወጣች። በደረሰኙ ጀርባ ላይ፣ «በል ተናገር። ለማን ስንት? እስከ መቼ?» አለችው። መኪናው እየነቀነቃቸው አዳማ እስኪገቡ ድረስ ጽፈው ጨረሱ። የሁለቱ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ዕቁብ፣ ዕዳ። ደረሰኙን ዛሬም በፍሬም አስገብተው ሳሎን ሰቅለውታል። ከሰርጋቸው ፎቶ ጎን!

ዕዳው በሁለት ዓመት ገደማ አለቀ። ለሦስቱ ቀን ጉዞ ያወጡት አራት ሺህ ብር አይሞላም ነበር።

ለእናንተስ?

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ «አሰላ የሄደ ባል ሁሉ ምስጢሩን ያወጣል» እያልን አይደለም። ግን ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አይጠፋም።

አንደኛ፣ ለጉዞ ቦታ ስትመርጡ «የት ሄድን ብንል ሰው ይቀናል?» አትበሉ። ከሁለት አንዳችሁ ያደጋችሁበት፣ የተማራችሁበት፣ ወይም ወላጆቻችሁ የኖሩበት ቦታ ካለ እሱን አስቀድሙ። ሰው ያደገበትን ሰፈር ሲያሳይ ራሱን ነው የሚያሳየው። የምታሳዩትም ብትሆኑ ታዲያ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሚስትየው መኪናው ውስጥ «ተወው፣ ተኛ» ባትል ኖሮ አርብም ለብቻዋ ባልዋለች ነበር።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ። ከመጋባታችሁ በፊት ስለ ቀለበቱ ዓይነት የምታወሩትን ግማሽ ያህል ስለ ዕዳ አውሩ። «እንዳትጨነቅ ብዬ ደበቅሁ» የሚባል ነገር የለም፤ የተደበቀ ዕዳ የምታዩት በረንዳ ላይ በሚያንሾካሹክ ባል መልክ ነው። እሷም ወደ ሴት ትተረጉመዋለች። ምን ታድርግ?

ሦስተኛ፣ ጥርጣሬ ካለሽ እህቴ፣ ሽማግሌ ከመጥራትሽ በፊት እሱን ራሱን ጠይቂው። ቤት ውስጥ ካልተቻለ ሰው በሌለበት ቦታ፣ እየተራመዳችሁ ይሁን። ፊት ለፊት ተፋጥጦ የማይወጣ ቃል ጎን ለጎን ሲሄዱ ሊወጣ ይችላል። እዚህ ቤት የሆነውም ይኸው ነው።

አራተኛ፣ ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ወፍራም ልብስና ጋቢ ያዙ፤ የአሰላና የበቆጂ ሌሊት ቀልድ አያውቅም። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ ማሳው ሲበስልና ሲታጨድ ማየት ያምራል። የመጀመሪያውን ቀን ዳገት አትውጡ፤ ውሃ ጠጡ፤ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ የሚኖር ሰው ዘንድ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን ጠይቁ። ሙቅ ውሃውን ደግሞ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ቧንቧውን ከፍታችሁ እዩት!

አምስተኛ፣ ከሁለታችሁ ፈጣኑ ይጠብቅ። ይህ ለዳገትም ለትዳርም ነው።

ለመሰናበት ተነስተን በሩ ላይ ስንደርስ፣ «ላንጋኖውስ?» አልነው ባልየውን።

«ዘንድሮም አልሄድንም፣» አለ። «ለገና እማማ ጋ ነን። ጭኮ ይሠሩልናል።»

መልካም ሳምንት!